ለሰፈራችሁ የወረርሽኝ ጊዜ ድጋፍ እንዴት ትጠይቃላችሁ? (ከአንድ የጅማ እድር ጸሐፊ)

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ተገኘ ተባለ። በዚያ ሰሞን የኛ እድር የተጨነቀው በሳሙና አልነበረም። በድንኳን ነበር። ለቅሶ ሲኖር ሰው ተራርቆ እንዴት ይቀመጣል? ሰልስት ይቅር ወይ? ንፍሮውን ማን ያዞራል? በዚህ ስንጨቃጨቅ አንድ የባጃጅ ሹፌር ከኋላ ተነሳና «እድር የሚደርሰው ለሞተ ብቻ ነው እንዴ? እኔ ሥራ ከቆመ ከሳምንት በኋላ የምበላው የለኝም» አለ። ቤቱ ጭጭ አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ጸሐፊው ደብተር ይዤ ከቢሮ ቢሮ መዞር ጀመርኩ። ሊሳሳቱት የሚቻለውን ስህተት ሁሉ ተሳሳትኩ። ይህን የምጽፈው እናንተ ያንኑ እንዳትደግሙት ነው። ወረርሽኝ ደግሞ ኮሮና ብቻ አይደለም፣ ኮሌራም ኩፍኝም አለ፣ አሠራሩ ብዙም አይለያይም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። «መንግሥት ለወረርሽኙ ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር አገኘ» የሚል ዜና ስትሰሙ ብሩ በቀጥታ ወደ እድራችሁ አካውንት ይገባል ብላችሁ አትጠብቁ። በ2012 የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ የኮሮና ምላሽ 82.6 ሚሊዮን ዶላር ሲያጸድቅ ግማሹ እርዳታ፣ ግማሹ ብድር ነበር። የሄደውም ወደ ጤናው ሥራ ነው፤ ምርመራ፣ የሕክምና ቁሳቁስ፣ ለይቶ ማቆያ። የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሰጠው 411 ሚሊዮን ዶላር ደግሞ የአገሪቱን የውጭ ምንዛሪና በጀት ለመደገፍ ነበር። እኛ ሰፈር «የኛ ድርሻ የታለ?» ብለው በኔ ላይ የጮሁብኝ ሰዎች ነበሩ። እውነት ለመናገር እኔም ራሴ የታለ ብዬ ነበር።

ሰፈር ድረስ የሚመጣው ድጋፍ በሁለት መልክ ነው። አንዱ ዕቃ ነው፤ ሳሙና፣ በረኪና፣ ዱቄት፣ ዘይት፣ አንዳንዴ የውሃ ሮቶ። ሌላው ለቤተሰቡ በስሙ በባንክ ደብተሩ የሚገባ ብር ነው፣ ማለትም ሴፍቲኔት። የመጀመሪያውን ሰፈሩ ተደራጅቶ በደብዳቤ ይጠይቃል። ሁለተኛውን በደብዳቤ አታገኙትም፤ ቤተሰቡ ራሱ ተመዝግቦ፣ ተጣርቶ ነው የሚገባው። እኔ ሁለቱን ቀላቅዬ በአንድ ደብዳቤ ጠይቄ አንድ ወር ሙሉ በከንቱ ተመላልሻለሁ።

አሁን ወደ ሥራው።

ከሁሉም በፊት ዝርዝር ያዙ። ደብዳቤ አይደለም፣ ስብሰባም አይደለም፣ ዝርዝር። ቢሮ የሚጠይቃችሁ የመጀመሪያ ነገር «ስንት ሰው ነው?» የሚል ነው። «ብዙ ነን» ካላችሁ እዚያው አለቀ።

እኛ የያዝነው መስመር ያለው ትልቅ ደብተር ነበር። የቤቱ ኃላፊ ስም እስከ አያት፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ በቤቱ ያለው ሰው ብዛት፣ ከነዚህ ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ያለና ሽማግሌ፣ ገቢ የሚያመጣው ማን እንደሆነና ሥራው ቆሞ እንደሆነ፣ ከሌላ ቦታ ድጋፍ ያገኝ እንደሆነ። የመጨረሻዋን አትዝለሏት። አንድ ቤት ሁለት ቦታ ሲገኝ ሙሉው ዝርዝር ነው ጥርጣሬ ላይ የሚወድቀው። ስልክ ስትጽፉ ደግሞ እዚያው ደውላችሁ አረጋግጡ። ያኔ በደወልን ቁጥር ከመጥሪያው በፊት «እጃችሁን ታጠቡ» የሚለውን ማስታወቂያ እየሰማን ስለነበር መቶ ቤት መዝግበን ስንጨርስ ሁላችንም በቃላችን ይዘነው ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ትልቁ ስህተታችን እዚህ ነው። ዝርዝሩን የሠራነው ከእድሩ መዝገብ ገልብጠን ነበር። ቀላል ነዋ! ስም አለ፣ ቤት ቁጥር አለ። ለቀበሌ ልናስገባ ስንል ሊቀመንበራችን ሀጂ ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረጉና «ያቺ ጥግ ላይ ቡና አፍልታ የምትሸጠው ልጅ የታለች?» አሉ። የለችም። አባል አይደለችማ። ወርሃዊ መዋጮ መክፈል ስላልቻለች ነው አባል ያልሆነችው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ የእድር መዝገብ ማለት መዋጮ መክፈል የቻለ ሰው ስም ነው። ድጋፉ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ሰው እዚያ መዝገብ ላይ የለም።

ደብተሩን ይዘን እንደገና ቤት ለቤት ወጣን። ከዳውሮና ከከፋ መጥተው እዚሁ ጅማ መርካቶ ጭነት የሚያወርዱ፣ አምስት ስድስት ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚያድሩ ልጆች አገኘን። ከጓሮ ባለች ሰርቪስ ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት አገኘን፤ ከግቢው በር አልፎ ማን ያያቸዋል? የቀበሌ መታወቂያ የሌለው ብዙ ነው። ለነሱ ያደረግነው አከራዩና ሁለት ጎረቤት «እዚህ ይኖራል» ብለው እንዲፈርሙ ነው። ዛሬ ፋይዳ ያለው ሰው ቁጥሩን ቢያስመዘግብ ነገሩ ይቀላል፣ ግን የሌለውን በዚህ ምክንያት አታስቀሩት።

ዝርዝሩ ሲያልቅ የእድሩ ቤት በር ላይ ሦስት ቀን ለጥፉት። ስምና የቤተሰብ ብዛት ብቻ። በሽታ፣ ገቢ፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ እሱን የሚይዘው ሌላ ደብተር ነው፣ ያም ተቆልፎ የሚቀመጥ። እኛ ስንለጥፈው አንድ ጎረቤት መጥቶ ሦስተኛው ተራ ላይ ያለውን ስም በእስክሪብቶ አክብቦ «ይህቺ ሴት ሁለት ቤት ታከራያለች» ብሎ ጻፈበት። አክስቴ ነበረች። መዝጋቢው እኔ ነኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ስሟን ሰረዝኩ፣ እሷም እስከ እንቁጣጣሽ አኮረፈችኝ። ግን ከዚያ በኋላ ዝርዝሩን የተጠራጠረ ሰው አልነበረም።

ቀጥሎ ቃለ ጉባኤ። ቀን፣ ቦታ፣ የተገኙ ሰዎች፣ አጀንዳ፣ ውሳኔ፣ ፊርማ። ውሳኔው ውስጥ ሦስት ሰው በስም ይመረጥ፤ አንዱ የሚረከብ፣ አንዱ የሚያስቀምጥ፣ አንዱ የሚመዘግብ። ሦስቱ ዘመዳሞች እንዳይሆኑ፣ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። ለይስሙላ አይደለም፤ የትኛው ቤት ዱቄት እንዳለቀ የምታውቀው እሷ ናት። እኛ ጋ ቃለ ጉባኤውን ማስፈረሙ ራሱ ጣጣ ነበር፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጥቶ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ ስለዚህ ወረቀቱን ይዘን በር እያንኳኳን አስፈረምን፣ ሰዉም እስክሪብቶውን ከቤቱ እያመጣ ፈረመ። እናንተ ግን ሰላም እያለ አስፈርማችሁ አስቀምጡት። የባንክ ሒሳብም ካላችሁ ሁለት ሰው ካልፈረመ ብር የማይወጣበት ይሁን።

የቱን በር ታንኳኳላችሁ? መዋቅሩም የቢሮው ስምም ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል፣ ስለዚህ ስሙን ሳይሆን ጉዳዩን ተከተሉ። የንጽሕና ዕቃና ትምህርት ከሆነ በሰፈራችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በኩል ወደ ጤና ጽሕፈት ቤት ሂዱ። እሷን ከያዛችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። ምግብ ከሆነ ቀበሌ፣ ከዚያ ደግሞ ቡሳ ጎኖፋ አለ። ቡሳ ጎኖፋ በኦሮሞ ባህል የቆየ የመረዳጃ ሥርዓት ነው፣ የኦሮሚያ ክልል በመንግሥት ደረጃ ካደራጀው ወዲህ አደጋ ሲደርስ የምግብ ድጋፍ በሱ በኩል ይመጣል። እድር የለመደ ሰው ሐሳቡ አይከብደውም።

ሴፍቲኔትን በተመለከተ የናንተ ሥራ ሰዉን ለምዝገባ ማዘጋጀት ብቻ ነው። የከተማ ሴፍቲኔት ሲጀመር በ11 ከተሞች ነበር፣ ጅማ አልነበረችበትም፤ በኋላ ነው ወደ ሌሎች ከተሞች የሰፋው። መሥራት የሚችል በአካባቢ ልማት ሠርቶ ይከፈለዋል፣ ከሚያገኘውም ይቆጥባል። መሥራት የማይችል አረጋዊ ወይም አካል ጉዳተኛ ሳይሠራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። በኮሮና ጊዜ ፕሮግራሙ ባለባቸው ከተሞች ሥራው ሲቆም ለተጠቃሚዎች የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ ተሰጥቷቸዋል። ልብ በሉ፣ ያን ያገኘው ቀድሞ የተመዘገበ ሰው ነው። ስለዚህ ምዝገባ ተጀመረ ሲባል «ምን አባቱ፣ ለነሱ ዘመድ ነው» ብሎ ቤቱ የሚቀመጠውን ጎረቤታችሁን እጁን ይዛችሁ ውሰዱት።

ሱቅ ወይም ትንሽ ድርጅት ያለው ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፣ እሱ ወደ ገቢዎች ነው የሚሄደው። በ2012 መንግሥት እስከ 2007 ያለውን የግብር ውዝፍ ሰርዟል፤ ሥራ ቢቆምም ለሠራተኞቻቸው ደመወዝ ለከፈሉ ድርጅቶች ደግሞ ከደመወዝ ላይ ለሚቆረጠው የሥራ ግብር የአራት ወር ምሕረት አድርጓል። ብዙ ሰው ይህን የሰማው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ የሆነ የሰፈር ልጅ ፈልጋችሁ እንዲህ ያለውን መመሪያ የመከታተል ሥራ ስጡት።

አሁን ደብዳቤው። ጅማ ውስጥ የቢሮ ሥራ በአፋን ኦሮሞ ነው። ደብዳቤያችሁን በአፋን ኦሮሞ አስጽፉ። እኛ የመጀመሪያውን በአማርኛ ጽፈን ሰጠን፣ አልተመለሰብንም፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ እንጂ። ሁለት ሳምንት። ሁለተኛውን የሀጂ ልጅ በአፋን ኦሮሞ ጻፈው፣ በማግስቱ ተመራ። አማርኛውን ለአባሎቻችሁ በግልባጭ ያዙት፣ ሁሉም ሰው በስሙ ምን እንደተጠየቀ ማንበብ አለበት።

«አስፈላጊው ትብብር ይደረግልን ዘንድ በታላቅ ትሕትና እንጠይቃለን» ብቻ የሚል ደብዳቤ አትጻፉ። ትሕትናው ጥሩ ነው፣ ግን ሰውየው ምን ይፍቀድ? እንዲህ ጻፉ፦

«በሰፈራችን 64 አባወራዎች የዕለት ገቢያቸው ተቋርጧል፤ ዝርዝራቸው 3 ገጽ አባሪ ሆኖ ተያይዟል። ለእያንዳንዱ ቤት በወር 2 ሳሙና ለ3 ወር፣ በድምሩ 384 ሳሙና፤ ለ2 የጋራ መጸዳጃ ቤቶች በየቀኑ ለማጽጃ 2 ሊትር፣ ለአንድ ወር 60 ሊትር በረኪና እንዲፈቀድልን እንጠይቃለን። ዕቃውን የሚረከቡት በቃለ ጉባኤ የተመረጡ 3 ሰዎች ናቸው። የሥርጭት ሪፖርት ከተረከብን በኋላ በ30 ቀን ውስጥ እናቀርባለን።»

በቃ። አንድ ገጽ። በረኪናውን እንዴት አሰላችሁ ቢሏችሁ መልስ ይኑራችሁ፤ 5 በመቶ የሆነው በረኪና አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ሲቀላቀል ለወለልና ለመጸዳጃ ቤት የሚሆነውን 0.5 በመቶ ይሰጣል፣ ለአንድ መጸዳጃ ቤት በቀን 10 ሊትር ድብልቅ ከተባለ 1 ሊትር በረኪና ማለት ነው። (ይህን ለእጅ እንዳትጠቀሙበት፣ ለእጅ ሳሙናና ውሃ ይበቃል።) ስሌቱን ያየ ባለሙያ ቁጥሩን ከመቁረጥ ይልቅ «ጓንትስ አላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። እኛን እንዲህ ብሎናል፣ እኛ ጓንት መጠየቅ ጭራሽ ረስተን ነበር።

ደብዳቤውን ስታስገቡ ለኃላፊው በእጅ ሰጥታችሁ አትውጡ። መዝገብ ቤት አስገቡ፣ በናንተ ቅጂ ላይ ቁጥርና ቀን አስጽፉ። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ የለም ማለት ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ሄዳችሁ «ምን ደረሰ?» አትበሉ፤ «በቁጥር ይህን ያህል የገባው ለማን ተመራ?» በሉ። የተመራለትን ባለሙያ ስም ያዙ፣ ከዚያ በኋላ ሥራችሁ ከሱ ጋር ነው። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ አንዱ ሲናደድ ሌላው ያበርደዋል። «ሻይ» የሚጠይቅ ካጋጠማችሁ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ፣ ቅሬታ ሰሚ ዘንድ ሂዱ፣ አትስጡ። አንዴ ከሰጣችሁ ዝርዝራችሁም ረክሷል።

ቀን መቁጠሪያውንም አትርሱ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። የኛ ጥያቄ የተፈቀደው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነበር፤ «በጀት ተዘግቷል፣ በሐምሌ ኑ» ተባልን። በሐምሌ ስንሄድ ያ የፈቀደው ሰው ተቀይሯል። ከዜሮ! ግንቦት ሳይገባ ጨርሱ።

ዕቃው መጣ እንበል። መረከቢያ ላይ ፊርማ ከመጣደፍ በፊት ቁጠሩ። ከመንግሥት መጋዘን የሚወጣ ንብረት ሞዴል 22 በሚባለው የወጪ ቅጽ ነው የሚወጣው። ሞዴሉ ላይ ያለውና መኪናው ላይ ያለው አንድ መሆን አለበት። እኛ ካርቶን ቆጥረን ፈረምን፣ ቤት ገብተን ስንከፍት አንዱ ካርቶን ግማሹ ባዶ ነው። ማንን ትጠይቃላችሁ? ፈርማችኋል። አሁን ካርቶኑን እዚያው ከፍተን ነው የምንቆጥረው፣ ሾፌሩ ቢነጫነጭም።

ሌላው የማስቀመጫ ቦታ ነው። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። ዱቄቱን ድንኳንና ድስት በምናስቀምጥበት ክፍል ሲሚንቶ ወለል ላይ ደረደርነው። በሳምንቱ ከታች ያሉት ሁለት ከረጢቶች ስናነሳቸው ሥራቸው ረጥቦ፣ አረንጓዴ ሻጋታ አውጥተው፣ የጠላ ጥንስስ የመሰለ ሽታ ይሸታሉ። ሁለት ከረጢት ስንት ቤት እንደሚያበላ አስቡት። ጡብ ደርድራችሁ በላዩ ጣውላ አድርጉ፣ ከግድግዳውም አንድ ክንድ አርቁ። በረኪናና ዱቄት አንድ ክፍል አታስቀምጡ፣ ይህን እንኳን ማንም ያውቃል ብዬ ነበር።

ሥርጭቱን በቤት ቁጥር ከፋፍላችሁ፣ ለየቡድኑ ሰዓት ስጡ። በኮሮና ጊዜ ለ14 ቀን ቤት የተቀመጠ ሰው ካለ ዕቃውን በሩ ላይ አስቀምጣችሁ፣ ደውላችሁለት፣ ርቃችሁ ታያላችሁ። የተቀበለ ይፈርማል፣ መጻፍ የማይችል በጣት። ስለ ፎቶ ግን ጠንከር ብላችሁ ተናገሩ። አንዳንዱ ሰጪ ካሜራ ይዞ ይመጣል፣ እናትየዋ ዘይቱን ይዘው ወደ ሌንሱ እንዲያዩ ይፈልጋል። የተደረደረውን ዕቃ አንሱ፣ ኮሚቴውን አንሱ። ዕድሜ ልካቸውን ለሌላው ሲያበሉ የኖሩ ሴትዮ ፊታቸው ፌስቡክ ላይ የሚወጣበት ምክንያት የለም።

ብር ተሰጥቷችሁ ራሳችሁ ከገዛችሁ ደግሞ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ሰብስቡ፣ ለምን ይኼኛውን እንደመረጣችሁ በቃለ ጉባኤ አስፍሩ፣ ሕጋዊ ደረሰኝ ተቀበሉ። ሐሙስ ገበያ ወርዳችሁ ከአንዲት ባለ ጎመን ከገዛችሁ ደረሰኝ የት ታመጣለች? ለዚያ መጠኑን፣ ዋጋውንና ቀኑን ጽፋችሁ እሷና ሁለት የኮሚቴ አባል ይፈርሙበት፣ ብዙ ግን አይሁን። የደረሰኙ ቀለም ቶሎ ስለሚጠፋ በዚያው ቀን ኮፒ አድርጉት። እኔ ከስድስት ወር በኋላ ነጭ ወረቀት ታቅፌ ኦዲተር ፊት ቆሜያለሁ።

ሪፖርቱን ሳትጠየቁ ውሰዱ። ምን ያህል ተረከብን፣ ለስንት ቤት ደረሰ፣ ምን ተረፈ፣ ምን ተበላሸ። የሻገቱትን ሁለት ከረጢቶችም ጻፉ። እኔ ልደብቃቸው ነበር፣ ገንዘብ ያዣችን እምቢ አለች። ሪፖርቱን የተቀበለው ባለሙያ እዚያች መስመር ላይ ሲደርስ ሳቀና «የሻገተ ዱቄት ጽፎ የመጣ የመጀመሪያው ሰፈር እናንተ ናችሁ» አለን። በቀጣዩ ዙር ስልክ የተደወለው ለኛ ነው።

አሁን ፋይሉ እኔ ቤት ቡፌ ውስጥ ነው። ዝርዝሩ በየዓመቱ መስከረም ላይ ይታደሳል፤ የሞተ ይወጣል፣ የተወለደ ይገባል፣ ቤት የለቀቀ ይሰረዛል። ቃለ ጉባኤው፣ የደብዳቤው ናሙና በሁለት ቋንቋ፣ የተፈረመ ሞዴል 22 ኮፒ፣ ባዶ የሥርጭት ቅጽ 20 ገጽ አብረው አሉ። ሁለተኛው ቁልፍ ገንዘብ ያዣችን ጋ ነው። ቡና የምታፈላዋ ልጅ ዘንድሮ መዋጮ መክፈል ጀምራለች፣ የ6ኛውን መደዳ ቤቶች የምትመዘግበውም እሷ ናት።